እጄ ላብ በላብ ነው፤ ሰው መጨበጥ ፈራሁ

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? ስሜ ይቆይልኝ። 26 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ባንክ በገንዘብ ከፋይነት እሠራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁለቱንም መዳፌን ያልበኛል። እርጥብ ይላል ማለቴ አይደለም፤ ይንጠባጠባል። ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ ከእጄ ሥር መሐረብ አነጥፍ ነበር፤ አለዚያ ወረቀቱ ይቀደዳል። አሁን ደግሞ ብር ስቆጥር ኖቱ ይረጥባል። ደንበኛው ምንም ባይልም ፊቱን አየዋለሁ። ባለፈው ፋይዳ ልመዘገብ ሄጄ ማሽኑ አሻራዬን አልቀበል አለ። ልጁ ‹ጠረግ አድርጊው› ይለኛል፤ እጠርጋለሁ፤ ጣቴን ሳስቀምጥ ተመልሶ ረጥቧል። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ሲጀምር ይባስ አላበኝ። እናቴ ‹የሰው ዓይን ነው፣ ጸበል ሂጂ› ትላለች። ጓደኛዬ ‹ፈሪ ስለሆንሽ ነው› ትለኛለች። አንዴ ጤና ጣቢያ ሄጄ ‹ያልበኛል› ብላቸው ‹ማን የማያልበው አለ? ውሃ ጠጪ› ብለው መለሱኝ። አሁን ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊላክ ነው። እጮኛዬ እጄን ሲይዘኝ እነጥቀዋለሁ። ምክንያቱን ነግሬው አላውቅም፤ የጠላሁት እየመሰለው ነው። ይሄ ነገር በሽታ ነው? መድኃኒትስ አለው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። አዎ፣ ሐኪሞች የሚያውቁት ችግር ነው። አዎ፣ ሕክምና አለው። ስሙ ሃይፐርሃይድሮሲስ ይባላል፤ ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ ማላብ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ከሕዝቡ 2.8 በመቶ የሚሆነው ይህ ችግር እንዳለበት ገምቷል። መዳፍ፣ ብብት፣ ውስጥ እግርና ፊት ሁሉም ተደምሮ ማለት ነው። ትንሽ ቁጥር አይደለም። የማናያቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ስለሚሄዱ ነው።

የጤና ጣቢያውን መልስ ሳነብ ተናደድኩ፤ ብዙም ግን አልገረመኝም። «ያልበኛል» ሁሉን የሚሸፍን ቃል ነው። መርካቶ ጆንያ የሚሸከመውንም ያልበዋል። ወባ የያዘውንም ያልበዋል። ቃለ መጠይቅ ሊገባ በር ላይ የቆመውንም ያልበዋል። ሐኪሙ ፊቱ የተቀመጠችው የትኛዋ እንደሆነች ካልተነገረው፣ ውጭ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ካርድ ይዞ ከተሰለፈ፣ «ውሃ ጠጪ» ቢል አይፈረድበትም። እሺ፣ ትንሽ ይፈረድበታል። ውሃ መጠጣት ጥሩ ነው፤ የመዳፍ ላብን ግን አያቆምም።

አማርኛ ለላብ ቃል አላነሰውም። እጅ ይወረዛል፤ ሲነኩት እርጥብ ነው፣ ዓይን ግን አያየውም። ግንባር ላይ ላብ ቸፈፍ ይላል፤ ነጠብጣቡ ይታያል፣ አይወርድም። ከዚያ ወዲያ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ይንቆረቆራል። ሲብስ ያጠምቃል፤ ልብስ ተጨምቆ ውሃ ይወጣዋል። እነዚህን ይዘሽ ግቢ። «መዳፌን ያልበኛል» ከማለት ይልቅ «ተቀምጬ፣ ሳይሞቀኝ፣ ከመዳፌ ጠብ ጠብ ይላል» ብትዪ ሐኪሙ እስክሪብቶውን ያነሳል።

ሐኪሞችም የችግሩን ክብደት ለመለካት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት መሣሪያ ሳይሆን አንዲት ጥያቄ ናት። አራት መልስ አላት። ላቡ አይታወቀኝም፣ ሥራዬንም አያውከውም ካልሽ አንድ ነው። እችለዋለሁ፣ አንዳንዴ ግን ያውከኛል ካልሽ ሁለት። መቻል እያቃተኝ ነው፣ ብዙ ጊዜ ያውከኛል ካልሽ ሦስት። ጭራሽ አልቻልኩትም፣ ሁልጊዜ ያውከኛል ካልሽ አራት። ሦስትና አራት ከባድ ተብሎ ይያዛል። ደብዳቤሽን ሳነብ ሦስት ላይ አስቀምጬሽ ነበር። እጮኛሽን እጅሽን የምትነጥቂበት ቦታ ስደርስ ወደ አራት ገፋ አደረግኩሽ።

ስትገቢ እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦ «ዶክተር፣ ሁለቱንም መዳፌን እኩል ያልበኛል። የጀመረኝ ልጅ ሆኜ ነው። በሳምንት ውስጥ የማያልበኝ ቀን የለም። ስተኛ ይደርቃል። ሥራዬ ብር መቁጠር ነው፤ ኖቱ ይረጥብብኛል። ክብደቴ አልቀነሰም፣ አያስለኝም፣ ሌሊት አያልበኝም።» ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ምርመራው የሚቆመውም በእነዚሁ ላይ ነው። ላቡ ያለ ሌላ ምክንያት ስድስት ወር ከዘለቀ፣ ሁለቱንም ጎን እኩል ከያዘ፣ ከ25 ዓመት በፊት ከጀመረ፣ በሳምንት ቢያንስ አንዴ ከመጣ፣ ሥራ ካወከ፣ በእንቅልፍ ጊዜ ካቆመ፣ ቤተሰብ ውስጥም ሌላ ሰው ካለበት፣ ሐኪሙ የቱ ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። ሁሉም መሟላት የለበትም፤ ከስድስት ወሩ ሌላ ሁለቱ እንኳ ቢኖሩ ይበቃል።

«ስተኛ ይደርቃል» ያልኩት ከደብዳቤሽ ያገኘሁት አይደለም። ማወቅ ያለብሽ ነገር ስለሆነ ነው። አንድ ሌሊት እናትሽ ወይም እህትሽ ተኝተሽ ሳለ መዳፍሽን ነካ አድርገው ይዩልሽ። የቤተሰቡንም ነገር ጠይቂ። አባትሽ ሰው ከመጨበጣቸው በፊት እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ የሚያደርጉ ከሆነ፣ «የሰው ዓይን» የተባለው ነገር ከዚያው ከቤት የመጣ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ሐኪም ላቡ ከየት ከየት እንደሚወጣ በዓይን ለማየት አዮዲን ይቀባል፣ ከላዩ ስታርች ይነሰንሳል። ላብ ያለበት ቦታ ይጠቁራል። ሩሲያዊው የነርቭ ሐኪም ቪክቶር ሚኖር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያመጣው ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። እጅሽ ጠቁሮ ብታዪው እንዳትደነግጪ፤ ይታጠባል።

ለምን መዳፍ? ሰው ቆዳ ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎች አሉ። የአብዛኞቹ ሥራ ማቀዝቀዝ ነው። ሲሞቀን ውሃ ያወጣሉ፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ላብ ተንኖ ሲያልቅ 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይወስዳል። ሰመራ ላይ የቀን ሠራተኛ እስከ ማታ ድንጋይ ሲያነሳ የሚውለው በዚህ ነው። ወበቅ ሲሆን ግን አየሩ ራሱ ውሃ ስለጠገበ ላቡ አይተንም። ይወርዳል እንጂ አያቀዘቅዝም። ጂዳና ዱባይ ያሉ እህቶቻችን ከሙቀቱ ይልቅ ወበቁን የሚያማርሩት ወደው አይደለም።

መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ዕጢዎቹ ከሌላው ቦታ ይልቅ ተጠጋግተው ይገኛሉ። ዋና አዛዣቸው ግን ሙቀት ሳይሆን ስሜት ነው። ድንጋጤ፣ ጭንቀት፣ ትኩረት። አዲስ አበባ በኅዳር ብርድ ጣትሽ በረዶ ሆኖ ሳለ መዳፍሽ የሚንጠባጠበው ለዚህ ነው። «ውሸት ይለያል» የሚባለው ማሽን ከሚከታተላቸው ነገሮች አንዱም ይኸው የጣት ላብ ነው። አንቺን እዚያ ላይ ቢያስቀምጡሽ ስምሽን ስትናገሪም ዋሸች የሚሉ ይመስለኛል።

እና ጓደኛሽ ግማሽ እውነት ይዛለች። ስሜት ላቡን ያባብሰዋል። የሚያልብሽ ግን ፈሪ ስለሆንሽ አይደለም። የዕጢዎችሽ ቁጥርም መጠንም ከሷ አይለይም። የሚለየው ትእዛዙን የሚያደርሰው ነርቭ ነው፤ ለሷ ዝም በሚልበት ሰዓት ላንቺ ይናገራል። ፋይዳ ላይ የሆነውን መልሰሽ እዪው። እጅሽ ረጠበ። ማሽኑ እምቢ አለ። አፈርሽ። ማፈርሽ ሌላ ላብ ጠራ። መጀመሪያ የመጣው ላቡ ነው፣ ፍርሃቱ ቀጥሎ ነው የደረሰው። አሥር ዓመት እጇን ስትደብቅ የኖረች ሰው ሰላምታ ብትፈራ ምን ይገርማል? ለጓደኛሽ ይህን አንብቢላት።

የደንበኛውን ፊት አየዋለሁ ስትዪ ሽታም አስበሽ ከሆነ ተረጋጊ። የመዳፍ ላብ ውሃና ትንሽ ጨው ነው፣ አይሸትም። ጠረን የሚያመጣው የብብት ነው። እሱም ቢሆን ላቡ ራሱ አይደለም። ብብት ውስጥ ጉርምስና ሲመጣ ሥራ የሚጀምሩ ሌላ ዓይነት ዕጢዎች አሉ፤ እነሱ የሚያወጡትን ባክቴሪያ ሲበላው ነው የሚከረፋው። ያንቺ ጉዳይ ከዚያ ጋር አይገናኝም።

እናትሽን በተመለከተ፣ ጸበል አትሂጂ አልልሽም። ያ በአንቺና በእምነትሽ መካከል ነው። ሐኪም ቤቱንም ግን ሂጂ። እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ሕክምና ስትጀምሪ እናትሽ «ላቡን ካቆምሽው በሽታው ውስጥ ይቀራል» ይሉሽ ይሆናል። ይህን የሚሉ ብዙ እናቶች አሉ፣ ምክንያትም አላቸው። ምች የመታውን ሰው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጥተው፣ ጋቢ ደራርበውበት፣ «ላብ ላብ ካለው ለቀቀው» ብለው ነው ያሳደጉን። ያዩት ነገር ውሸት አይደለም። ትኩሳት ሲወርድ ሰው ያልበዋል። ጭንቅላት ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ወደ ቦታው ሲመለስ ሰውነት ያጠራቀመውን ሙቀት በላብ ያወጣዋል። ላቡ የመዳኑ ምልክት ነው እንጂ ያዳነው እሱ አይደለም። የላብ 99 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። መርዝ ማጣራት የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው። መዳፍሽ ቢደርቅ ውስጥሽ የሚቀር ነገር የለም፤ ማቀዝቀዙንም ቢሆን ጀርባሽና ግንባርሽ ይሠሩታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የግንባር ላብ በኛ ዘንድ ክብር አለው። መጽሐፉ «በፊትህ ወዝ እንጀራን ትበላለህ» ይላል። በአብዮቱ ዘመን ላብ አደርና ወዝ አደር የማዕረግ ያህል ነበሩ። ሰው ሲመሰገን «በላቡ የሚያድር» ይባላል። መዳፍና ብብት ላይ ሲመጣ ግን ሁሉም አንገቱን ይደፋል፣ ስሙን እንኳ አይጠራም። ያው አንድ ውሃ ነው።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። መጀመሪያ የሚሞከረው አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበት የሚቀባ መድኃኒት ነው። የላብ መውጫውን ቀዳዳ ለጊዜው ይደፍነዋል። ሱቅ ውስጥ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ዲዮዶራንት ናቸው፤ ሽታ ይሸፍናሉ እንጂ ላብ አያቆሙም። አንቺ የምትፈልጊው አንቲፐርስፒራንት የሚለውን ነው። ከጀርባው የተጻፈውን አንብቢ፤ አሉሚኒየም የሚል ከሌለበት መልሺው። የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ የሱቁ ብዙ ጊዜ አይበቃውም። 20 በመቶ አካባቢ የሆነ ጠንከር ያለ፣ ሐኪም የሚያዝዘው ያስፈልግሻል።

ሰው የሚሳሳተው አቀባቡ ላይ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጪ አይቀባም። ማታ ነው። ማታ ዕጢዎቹ ዝም ስለሚሉ መድኃኒቱ ሳይታጠብ ገብቶ ይቀመጣል። እጅሽን ታጠቢ፣ ከዚያ ጥርት አድርገሽ አድርቂው። የፀጉር ማድረቂያ ካለ በቀዝቃዛው ንፋስ፣ ከሌለም በፎጣ ጠርገሽ ትንሽ አራግቢው። እርጥብ እጅ ላይ ከቀባሽው ያቃጥልሻል፤ ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀብተሽ ተኚ፣ ጠዋት ታጠቢው። መጀመሪያ በየማታው፣ ላቡ ሲቀንስልሽ በሳምንት አንድ ሁለቴ ይበቃል። ካሳከከሽ ወይም ከቀላ አንድ ሁለት ሌሊት ዝለዪ። ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬ ጆሮሽ ገብቶ ይሆናል። አንቲፐርስፒራንት የጡት ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም።

እሱ አልበቃ ካለ አዮንቶፎሬሲስ የሚባል አለ። ሁለት ዝርግ ዕቃ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ይደረጋል፣ እጅሽን ታስገቢያለሽ፣ በውሃው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይለቀቃል። ነዘር ነዘር ያደርጋል እንጂ ብዙም አያምም። መጀመሪያ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ፣ ኋላ እየተራራቀ ይሄዳል። ለመዳፍ ጥሩ ውጤት ከሚሰጡት አንዱ ነው። ነፍሰ ጡር፣ ልብ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ያለው፣ አካሉ ውስጥ ብረት የተተከለለት ሰው አይጠቀምበትም። ልታገቢ ስለሆነ የእርግዝናውን ነገር በጆሮሽ ያዢው። ለቤት የሚሆነው ማሽን ውጭ አገር ይሸጣል፤ የሚልክልሽ ዘመድ ካለ መጀመሪያ ሐኪምሽን አማክሪ። ስለ እግዚአብሔር ግን ዩቲዩብ ላይ አይተሽ በቻርጀርና በሳፋ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው። ኤሌክትሪክና ውሃ ነው።

የሚዋጥም አለ፤ ኦክሲቡቲኒን አንዱ ነው። ነርቩ ለዕጢው የሚልከውን መልእክት ያግዳል። ችግሩ ሥራው መዳፍ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል። ሙቀት አገር ደግሞ ሰውነት ራሱን እንዳያቀዝቅዝ ስለሚይዘው አደጋ አለው። ባንኩ ወደ ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ካዛወረሽ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትቀጥዪ።

ለፊት መጨማደድ ሲባል የምትሰሚው ቦቶክስ የሚባል መርፌ ለዚያ ብቻ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ለከባድ የብብት ላብ ፈቅዳዋለች። መዳፍ ላይም ይሰጣል። ግን መርፌው ብዙ ነው፣ መዳፍ ደግሞ ክፉኛ ያማል። የጣት ጉልበትም ለጊዜው ላላ ሊል ይችላል። ቀኑን ሙሉ ብር ለምትቆጥር ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ገንዘቡም ቀላል አይደለም፤ ወራት ቆይቶም ያልቃልና እንደገና ነው።

መጨረሻ ላይ ቀዶ ሕክምና አለ። ደረት ውስጥ ገብቶ ነርቩን መቁረጥ ወይም መቆንጠጥ ነው። መዳፍ ይደርቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው። ከዚያ ግን ብዙዎችን በምትኩ ጀርባቸውን፣ ሆዳቸውን፣ ጭናቸውን ያልባቸዋል። አንዳንዱ ከበፊቱ የባሰ ሆኖበት ይጸጸታል፤ የተቆረጠው ነርቭ ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሳያልቅ አታስቢው። «አንዴ ተገላገይ» የሚልሽ ሰው ሲመጣ ይህን አስታውሺ።

ሎሚ ቀቢበት የሚልሽም አይጠፋም። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፣ ወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። በቢካርቦኔት ማሸትም ቆዳውን ከመሰነጣጠቅ ውጪ ትርፍ የለውም። ውሃ መጠጣት መቀነስ ደግሞ ጭራሽ አይሞከር። ቡና ላይ ትንሽ ቆጠብ ማለት ግን ሊረዳሽ ይችላል። የሥራው ሰዓት ላይ ያለውን ቡና ቀንሰሽ እዪው።

ላብ ሁሉ እንዳንቺው ዓይነት አይደለም። ይህን ዓምድ ለሚያነቡ ሌሎችም ጭምር ነው የምለው። ሌሊት አንሶላ እስኪረጥብ የሚያልበው፣ ክብደቱ የሚቀንስ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ያለበት ሰው ለቲቢ ይመርመር። ልቡ የሚመታበት፣ ሙቀት የማይችል፣ እየበላ የሚከሳ ሰው የታይሮይድ ዕጢውን ይታይ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በድንገት ላብ በላብ ሆኖ ከተንቀጠቀጠ ስኳሩ ወርዶ ይሆናልና ስኳር ያለበት ነገር ቶሎ ይቅመስ። ደረቱን ተጫን ተጫን እያደረገው ቀዝቃዛ ላብ ያጠመቀው ሰው ደግሞ ነገ እታያለሁ አይበል፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። በጉልምስና በድንገት የጀመረ ላብ፣ ወይም አንድ ጎን ብቻ የሚያልበው፣ እሱም መታየት አለበት። አንዳንድ መድኃኒቶችም፣ ለድብርት የሚሰጡትን ጨምሮ፣ ላብ ያመጣሉ። አንቺ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ስሙን ይዘሽ ሂጂ።

ሂጂ የምልሽ ወደ ቆዳ ሐኪም ነው። ከጤና ጣቢያሽ ሪፈር አጽፊ። አዲስ አበባ ውስጥ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ሪፈር ሲጽፉልሽ «ማን የማያልበው አለ» ካሉሽ፣ ያቺን የግማሽ ደቂቃ ንግግር ድገሚላቸው። እጅሽንም ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ አሳዪያቸው። አንድ ጊዜ እንኳ መርጠቡ ጥቅም ይስጥ።

መድኃኒቱ እስኪሠራ ሥራ ቦታ ላይ ለምታልፊው ጊዜ፣ ጭንሽ ላይ ትንሽ የጥጥ ፎጣ ይኑርሽ። ሶፍት አይሆንም፣ ተቆራርሶ መዳፍ ላይ ይቀራል። ብሩን በመዳፍሽ ሳይሆን በጣትሽ ጫፍ ያዢው፤ መቁጠሪያ ማሽን ካለ ወደ ራስሽ አስጠጊው። ባልደረቦችሽ ጣታቸውን ለማርጠብ ያቺን ስፖንጅ ሲነኩ ታያቸዋለሽ። አንቺን እግዚአብሔር ከዚያ ወጪ ገላግሎሻል። ለቅርብ ኃላፊሽ በግል ብትነግሪያቸውም ጥሩ ነው፤ ከጀርባሽ ከሚገምቱ በቀጥታ ቢያውቁት ይሻላል። ለፋይዳ ደግሞ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ተመለሺ። ስትደርሺ አስቀድመሽ «እጄን በጣም ያልበኛል» በያቸው። ልክ ጣትሽን ከማስቀመጥሽ በፊት በፎጣ ጠርገሽ ያዝ አድርጊው። ከአሻራው ሌላ የዓይን ምስልም ስለሚወሰድ ነገሩ ሁሉ በጣትሽ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም።

ለሰላምታ እኛ አገር መውጫ ተበጅቶልሻል። እጁ ወጥ የነካ፣ ሊጥ ያቦካ፣ ልብስ ሲያጥብ የነበረ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ምን ያደርጋል? ጣቱን አጥፎ አንጓውን ይዘረጋል፤ እንግዳውም አንጓውን ይዞ ሰላም ይላል። ማንም አይቀየምም። «እጄ እርጥብ ነው» ብለሽ አንጓሽን ስጪ። እውነትሽን ነው፣ ማብራሪያም አይጠየቅበትም። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ደግሞ ጎንበስ ብለሽ ጉንጭ ነው የምትስሚው፤ አንቺን መዳፍ የሚጠይቅሽ የለም።

የቀረው እጮኛሽ ነው። ከደብዳቤሽ ውስጥ የከበደኝ ይሄ ነው እንጂ ላቡ አይደለም። እጅሽን ስትነጥቂው የሚያየው ላብሽን ሳይሆን መሸሽሽን ነው። ሽማግሌ ሊልክ የተነሳ ሰው በሆዱ «አትወደኝም ይሆን?» እያለ እንዲሄድ አታድርጊው። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «እጄን ከልጅነቴ ጀምሮ ያልበኛል። አፍሬ ነው የምነጥቅህ። ሕክምና ልጀምር ነው» ማለት ይበቃል። ከዚያ እጅሽን ስጪው፣ ረጥቦም ቢሆን። ምናልባት ካሁን በፊትም አስተውሎት ይሆናል። ቢስቅ አብረሽው ሳቂ፤ ቢያሾፍብሽ ግን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ያወቅሽው ነገር ይሆናል።

ቅባቱ ለውጥ ለማሳየት አንድ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አልሠራ ካለ ሌላውን ለመሞከር ጊዜ እንዲተርፍሽ ሪፈሩን በዚህ ሳምንት አጽፊ። ለእጮኛሽ ግን ዛሬ ማታ ንገሪው። እሱ ጋ ለመግባት ሪፈር አይጠየቅም።